የእድራችን መዝገብና የምሩቃን ልጆቻችን ዕውቀት

(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናይሮቢ፣ በትምህርትና ወጣቶች ኮሚቴ ስም የቀረበ ንግግር)



ለኮሚቴያችን የተሰጠው ርዕስ «ማኅበራዊ ፈጠራና የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የዲጂታል ክህሎት» የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ርዕሱ ሲደርሰን ትንሽ ከበደን። ከመካከላችን አንዱ «ይህ የአዳራሽ ቋንቋ ነው፤ ቡና ላይ በዚህ ቋንቋ የሚጫወት ሰው አላየሁም» አለ። በመሆኑም ርዕሱን ወደ ቤታችን አስገብተን፣ ሁላችንም በምናውቀው በእድራችን በኩል ልንናገር ወሰንን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እዚህ አገር እንደለመድነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወላጆቻችን «የተማረ ይግደለኝ» ይሉ ነበር። እኛም በስደትም ሆነ በሥራ ወደዚህ ከተማ ስንመጣ ይህንኑ አባባል ይዘን መጣን። ኢስሊ ውስጥ ሱቅ የከፈተውም፣ ሀርሊንግሃም ምግብ ቤት የጀመረችውም፣ እንጀራ ጋግራ በየቤቱ ያደረሰችውም፣ ገንዘቡን ያፈሰሱት ለልጅ ትምህርት ነው። ተመስገን፣ ልጆቻችን ተመርቀዋል። ጋውናቸውን ለብሰው የተነሱት ፎቶግራፍ በየሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዛሬ ማንሳት የምንፈልገው ጥያቄ ግን ከፎቶግራፉ በኋላ ያለውን ይመለከታል። ይኸውም፣ ያ ዕውቀት ለቤቱና ለማኅበሩ ምን ሠራ? ካልሠራስ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄው የመጣብን በደስታ ቀን አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአባሎቻችን አንድ አባት በድንገት ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ እንዲሸኝ ቤተሰቡ ወሰነ፤ ለዚህም የእድሩ ገንዘብ በቶሎ መውጣት ነበረበት። በደንባችን መሠረት መዋጮ የተሟላ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። መዝገቡ አንድ ደብተር ነው፤ ደብተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ በጸሐፊያችን እጅ ነው፤ ጸሐፊያችን ደግሞ ለሠርግ ጎንደር ሄደዋል። እናም ባለቤታቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፍራሽ ላይ በተቀመጡበት፣ ስልካቸውን አውጥተው የኤም-ፔሳ መልእክቶችን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እያነበቡ ባላቸው መክፈላቸውን ለማስረዳት ሞከሩ።

ያን ያየን ሁሉ አፈርን። የበለጠ ያሳፈረን ግን በኋላ ያስተዋልነው ነገር ነው። በዚያው ቤት ውስጥ ሻይና ዳቦ የሚያዞሩ አራት ምሩቃን ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ አንዱ አካውንቲንግ፣ አንዷ ሶሲዮሎጂ ያጠኑ። እኛ ሻይ አዙሩ አልናቸው እንጂ መዝገባችንን እዩልን ብለን አናውቅም። እነሱም የእድር ደብተር እነሱን የሚመለከት ነገር ሆኖ አልታያቸውም። ትምህርቱ በአንድ ወገን፣ ችግሩ በሌላ ወገን፣ አንድ ሳሎን ውስጥ ሳይተዋወቁ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ማኅበራዊ ፈጠራ ስንል እነዚህን ሁለቱን ማስተዋወቅ ማለታችን ነው። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። እድር ራሱ ፈጠራ ነው። ከየገጠሩ ወደ ከተማ የገባ ሕዝብ፣ ዘመድ በሌለበት የሚቀብረውና የሚያስተዛዝነው ወገን ለማግኘት ያቋቋመው ነው። እቁብም እንዲሁ፤ ባንክ የማያበድረው ሰው ጓደኞቹን ባንክ ያደረገበት ዘዴ ነው። ደቦም እንዲሁ። የኬንያ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ደግሞ «ቻማ» እና «ሐራምቤ» አሏቸው። እነዚህን የፈጠረ ሰው ስሙ አይታወቅም፤ ዲግሪም አልነበረውም። የነበረው የጎረቤቱን ችግር የሚያይ ዓይን ነው።

የምንኖርባት ይህች ከተማም ብዙ አስተምራናለች። ሁላችንም በየቀኑ የምንጠቀምበትን ኤም-ፔሳን እንውሰድ። በ2005 ሙከራው ሲጀመር የታሰበው አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲመልሱ ነበር። ሰዎቹ ግን ለሌላ ነገር ይጠቀሙበት ጀመር፤ ገንዘብ ወደ ዘመዶቻቸው ይልኩበታል። የአገልግሎቱ አዘጋጆች «አጠቃቀማችሁ ስህተት ነው» አላሉም፤ ሰዉ የሚያደርገውን ተመለከቱና ሐሳባቸውን ቀየሩ። በመጋቢት 2007 አገልግሎቱ ለሕዝብ ሲቀርብ ዋና መልእክቱ «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» የሚል ሆነ። ውድ ስልክ አላስፈለገውም፤ ተራ የእጅ ስልክና የሰፈር ሱቅ በቃው። እኛም በነሐሴ 2023 ይኸው አገልግሎት ኢትዮጵያ ሲገባ፣ ከዚያ ቀደም ብሎም በግንቦት 2021 ቴሌብር ሲጀመር፣ ለአገር ቤት ዘመዶቻችን «እኛ ይህን እናውቀዋለን» ለማለት በቃን።

ሁለተኛው ምሳሌ የኀዘን ጊዜ ነው። ከታኅሣሥ 2007 ምርጫ በኋላ በኬንያ ግጭት ሲነሳ፣ በአገር ውስጥና በውጭ የሚኖሩ ወጣት ኬንያውያን በጥቂት ቀናት ውስጥ «ኡሻሂዲ» የተባለውን ሥርዓት ሠሩ። ቃሉ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። በየቦታው የደረሰውን ጉዳት ሰዎች በአጭር የስልክ መልእክትና በኢንተርኔት ሲልኩ፣ መረጃው ካርታ ላይ ይቀመጥ ነበር። በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ይኸው ሥርዓት እዚያም አገልግሏል። በዚያው በ2010 ደግሞ ጀሚላ አባስ፣ ሱዛን ኦጉያና ሊንዳ ክዋምቦካ የተባሉ ሦስት ወጣት ሴቶች እዚሁ ናይሮቢ «ኤም-ፋርም» የተባለ አገልግሎት ጀመሩ። ገበሬው በአጭር መልእክት የምርቱን የገበያ ዋጋ እየጠየቀ እንዲያውቅ፣ ደላላ እንዳያታልለው ነበር ሐሳባቸው። ሦስቱም ምሳሌዎች የተነሱት ከሰው ችግር ነው፤ ኮምፒውተሩ የመጣው በኋላ ነው።

እኛ ግን የመጀመሪያ ጊዜ ይህን ቅደም ተከተል ገለበጥነው። ከዚያ ለቅሶ በኋላ ኮሚቴው ተቻኩሎ ለአንድ ጎበዝ ልጃችን «ዘመናዊ ነገር ሥራልን» አለው። ልጁም ሌሊት ከቀን ሠርቶ ያማረ የስልክ ሶፍትዌር አቀረበ፤ በእንግሊዝኛ፣ የይለፍ ቃል ያለው፣ ባለብዙ ቀለም። በምረቃው ቀን አጨበጨብን። በሦስተኛው ወር የሚከፍተው ሰው ጠፋ። እናቶቻችን የይለፍ ቃሉን ረሱ፤ ገንዘብ ያዣችን ተመልሰው ደብተራቸውን ከፈቱ። ልጁ አዘነ፤ እኛም በሆዳችን «የዛሬ ልጆች» አልን። ዛሬ በአደባባይ የምንናገረው ጥፋቱ የእኛ እንደነበረ ነው። ደብተሩን ለዓመታት የያዙትን ሰው አንድ ቀን እንኳ ከልጁ ጋር አላገናኘናቸውም።

ሁለተኛው ሙከራ በሌላ መንገድ ሄደ። ሶሲዮሎጂ ያጠናችው ልጃችን ሦስት ቅዳሜ ከገንዘብ ያዣችን ጎን ተቀምጣ፣ ምንም ሳትሠራ፣ ሲጽፉ ብቻ ተመለከተች። «ጋሼ፣ ይቺ ምልክት ምንድን ናት?» እያለች ጠየቀች። ከዚያ ያገኘችውን ለኮሚቴው ስትዘረዝር ዐሥር ሙሉ ዓመት ያላየነውን አሳየችን።

አንደኛ፣ ስማችን ነው። ፀሐይ የምትባል አንዲት እናት በአንድ ገጽ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ»፣ በሦስተኛው «ፀሃይ» ተብላ ተጽፋለች። ሰው ሲያነበው አንድ ነው፤ ኮምፒውተር ግን ሦስት ሴቶች ናቸው ይላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ከዚህም ይብሳል። በዚያ ላይ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት ልዩ ልዩ ስም ይሞሉና የማይዛመዱ ሰዎች ይሆናሉ።

ሁለተኛ፣ ዘመናችን ነው። በ1950 ዓ.ም. ተወለድሁ ያሉ እናት እንዳለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲመዘገቡ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በአንድ ጊዜ ያረጃሉ። በሰዓት በኩል እንኳ ስዋሂሊው እንደ እኛው ንጋት ላይ አንድ ሰዓት ስለሚል ከጎረቤት ጋር እንግባባለን፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ግን አንግባባም።

ሦስተኛ፣ ከፋዩ ነው። ብዙ እናቶች መዋጮ የሚከፍሉት በልጃቸው ወይም በጎረቤት ስልክ ነው። ገንዘቡ ይደርሳል፤ ስሙ ግን የሌላ ሰው ነው።

አራተኛው ግን ሁላችንንም ዝም ያሰኘን ነው። በደብተሩ ዳር፣ በእርሳስ፣ በጥቃቅን ፊደል የተጻፉ ቃላት አሉ። «ታማለች፣ አትጠየቅ።» «ሥራ ፈቷል፣ እስከ ፋሲካ ይቆይለት።» ገንዘብ ያዣችን ለዓመታት ለማንም ሳይነግሩ የሰው ገመና ሲሸፍኑ ኖረዋል። ያ ያማረው ሶፍትዌር ለዚህ ቦታ አልነበረውም። ያልከፈለን ሰው በቀይ ቀለም አውጥቶ ለሁሉ ያሳይ ነበር። እናቶቻችን የሸሹት የይለፍ ቃሉን ብቻ እንዳልነበረ የገባን ያን ጊዜ ነው።

ልጃችን ከአካውንታንት ጓደኛዋ ጋር ሆና የሠራችው ነገር ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቁጥር ተሰጠ፤ ስም ቢለዋወጥ ቁጥሩ አይለወጥም። ለቤተሰቡ የሚከፍሉት ስልኮች በሙሉ በዚያ ቁጥር ሥር ተጻፉ። መዝገቡ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ላይ በፊደላችን ተቀመጠ፤ የልደት ዘመን በሁለቱም አቆጣጠር ተጻፈ። የከፈለ ሰው ደረሰኝ በአጭር የስልክ መልእክት ይደርሰዋል። በየወሩ ቅጂው ይታተምና በሦስት ሰዎች እጅ ይቀመጣል። የገመናው ዓምድ ግን ከሠንጠረዡ ውጭ ቀረ፤ አሁንም በጋሼ ደብተር ዳር፣ በእርሳስ ነው። ኬንያ በ2019 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥታለች፤ ልጃችን ግን «ጋሼ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ሕጉን ያውቁ ነበር» አለችን።

ያቺ ባለ ቁጥር መዝገብ ከተጀመረች ወዲህ ለቅሶ አልቀረልንም፤ ሞት አይቀርም። ነገር ግን ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ደረሰኝ የሚፈልግ ሰው አላየንም።

ውድ ምሩቃን ልጆቻችን፤

ከዚህ ታሪክ በመነሳት የዲጂታል ክህሎት የምንለውን በእኛ ቋንቋ እንንገራችሁ። ፕሮግራም መጻፍ ጥሩ ነው፤ የሚችል ይግፋበት። በሐምሌ 2024 በኢትዮጵያ የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የመሰለ ነፃ ዕድል ሲገኝም አይለፋችሁ። ነገር ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅና ማዳመጥ ክህሎት ነው። የተዘበራረቀ መረጃን በሥርዓት ማስቀመጥ ክህሎት ነው። በፊደላችን አስተካክሎ መጻፍ ክህሎት ነው። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒውተር የጻፍነው በሌላው ሲከፈት ተራ ጭረትና ነጥብ ይሆንብን እንደነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በሩ ሰፊ ሆኖ ተከፍቶ ሳለ አማርኛን በላቲን ፊደል ስትጽፉ እናዝናለን። የሰውን ምሥጢር መጠበቅም ክህሎት ነው። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መጥቶ ደብዳቤም ይጽፋል፣ ይተረጉማልም። በአማርኛ ግን አንዳንዴ በሙሉ ልብ ይሳሳታልና አንብቦ ማረም፣ እውነቱን ከሐሰቱ መለየት ሌላ ክህሎት ሆኗል። ለአንዲት እናት ስልኳን ከእጇ ሳትነጥቁ፣ ሳትቆጡ፣ ሁለት ጊዜና ሦስት ጊዜ ማስረዳትም ከዲግሪ የማይተናነስ ችሎታ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለወላጆችም ለልጆችም ማስጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። «የኮምፒውተር ሥራ» የሚባለው ሁሉ ሥራ አይደለም። በዚህችው ናይሮቢ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚችሉ ወጣቶቻችን በኢንተርኔት የሚለቀቀውን የግድያና የጭካኔ ምስል ቀኑን ሙሉ እያዩ እንዲለዩ ተቀጥረው፣ አእምሯቸው ተጎድቶ የወጡ አሉ። የዚህ ዓይነት ሠራተኞች ክስ በ2022 እና በ2023 ኬንያ ፍርድ ቤት ደርሷል። ከዚህ የባሰም አለ። ወደ ታይላንድ ለጥሩ የኮምፒውተር ሥራ ትሄዳላችሁ ተብለው፣ ድንበር ተሻግረው ምያንማር ውስጥ በአጭበርባሪዎች ካምፕ የታገቱ ወጣቶች ነበሩ። በየካቲት 2025 ከዚያ ነፃ ከወጡት መካከል ከመቶ በላይ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። እነዚህ ልጆች እንግሊዝኛ የሚችሉ፣ ኮምፒውተር የሚነኩ ናቸው፤ የታደኑትም በዚሁ ችሎታቸው ነው። ስለዚህ ቀጣሪው ማን እንደሆነ፣ ውሉ ምን እንደሚል፣ ፓስፖርቱ በማን እጅ እንደሚቆይ ሳይጠየቅ ልጅ አይሸኝ። ማኅበሩ ውል የሚያነቡ ሰዎች አሉት፤ በነፃ ያነቡላችኋል።

ስሕተቱን ከተናገርን፣ አደጋውንም ካመለከትን፣ ምን እናድርግ ወደሚለው እንለፍ። ከመካከላችሁ ጸጉራችሁ የሸበተ አባቶችና እናቶች ታስታውሳላችሁ፤ በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነገር ተጀምሮ ነበር። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግላል፤ አብዛኛው በአስተማሪነት። ከዚህ አዳራሽ ውስጥም በእነዚያ አስተማሪዎች እጅ ፊደል የቆጠራችሁ አላችሁ። እኛም በዚያ አርአያነት፣ በአነስተኛ መጠን፣ «የቅዳሜ አገልግሎት» ለመጀመር እናቅዳለን። እያንዳንዱ ምሩቅ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ለአንድ ዓመት፣ የተማረውን ለማኅበሩ ይሰጣል። አንዱ የአባላትን ፈቃድና መታወቂያ ጉዳይ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ይሞላል፤ አንዷ ሱቅ ላላቸው እናቶች የገቢና የወጪ ሂሳብ አያያዝ ታሳያለች፤ ሌላው ሰነዶቻችንንና የ25 ዓመት ፎቶግራፎቻችንን በኮምፒውተር ያስቀምጣል። ማኅበሩም በበኩሉ ምሩቁ የሠራውን ዘርዝሮ፣ አህትሞ የምስክር ደብዳቤ ይሰጣል። ቀጣሪ «ልምድህ የት አለ?» ሲል፣ ልጃችን ባዶ እጁን አይቆምም።

ከወላጆች የምንለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ሥራ ያላገኘውን ልጅ ማለዳ ማለዳ «መቼ ነው የምትቀጠረው?» ማለቱን ትተን፣ «እስቲ ይህን ደብተር እየው፤ ምን ይታይሃል?» እንበለው። ሁለተኛ፣ ልጁ የሚያመጣው ሐሳብ መጀመሪያ ላይ ቢበላሽ አንሳቅበት። የመጀመሪያውን ሶፍትዌር የሠራው ልጃችን ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወደ ማኅበሩ አልመጣም ነበር። ዛሬ ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እናየዋለን። ልጃችን፣ በሁሉ ፊት ይቅርታ እንጠይቅሃለን፤ የአንተ ሥራ ባይቀድም የሁለተኛዋም ባልመጣች ነበር። የቅዳሜውን አገልግሎት የመጀመሪያ ቀን ከጋሼ ጎን ተቀምጠህ እንድትጀምርልን እንጠይቅሃለን።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ማኅበራችን 25 ዓመት የቆመው በዚህ ነው። ሸክሙን አሁን ከልጆቻችን ጋር የምንከፋፈልበት ጊዜ ደርሷል።

ለቅዳሜው አገልግሎት መመዝገቢያ ወረቀቱ በር ላይ፣ ከቡናው አጠገብ ተቀምጧል። ስማችሁን በፊደላችን ጻፉ፤ ቁጥር እኛ እንሰጣችኋለን።

ፈጣሪ ለ50ኛው ዓመት በሰላምና በጤና ያድርሰን።